በክር የተለካ ጫማ

የአያ ፈንታን ሞት ስሰማ ከአፌ መጀመሪያ የወጣው «እግሩ ላይ ምን ነበር?» የሚል ጥያቄ ነው። «ኢናሊላሂ» አላልኩም፤ «ነፍሱን ይማር» አላልኩም። የደወለልኝ ሀብቶም ነው፤ እዚህ ሱዳን ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ያደገ፣ አያ ፈንታ ሩጫ ያስተማረው፣ ዛሬ የልጆች አባት የሆነ ሰው። «አብዱ፣ ደህና ነህ?» አለኝ። በድንጋጤ የምቀባጥር መስሎት ይሆናል።

ከዚያ ነገሩን ነገረኝ። አያ ፈንታ ወደ ድንበሩ በሚወስደው ቆላ አንድ የሰሊጥ እርሻ ላይ ጥበቃ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር። ንዳድ ያዘው። ክረምት ነው፤ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ከራሰ ትራክተር እንኳ አያሳልፍም። አራት ቀን ጎጆው ውስጥ ተኝቶ በአምስተኛው ቀን አረፈ። እዚያው ቀበሩት።

«እግሩ ላይ ያልከኝ» አለ ሀብቶም ስልኩን ሊዘጋ ሲል፣ «ሽብሽብ ነበር አሉ።» ሽብሽብ የምንለው ያንን በጣት መሃል የሚያዝ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ነው። አያ ፈንታ ደህና በነበረበት ጊዜ ሽብሽብ አድርጎ ከደጅ ሲወጣ አይቼው አላውቅም። ስልኩን አስቀመጥኩና በጠራራ ፀሐይ ሱቄን ዘጋሁ።

እኔ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ የሰልባጅ ጫማ ነጋዴ ነኝ። ቦንዳ እፈታለሁ፣ ጥንድ ከጥንዱ አገናኛለሁ፣ እወለውላለሁ፣ እሰቅላለሁ። አባቴም ከመተማ ተሻግሮ ሲመጣ የያዘው ሥራ ይኸው ነበር። አያ ፈንታ ደግሞ ከሥራ ሁሉ መርጦ የስደተኛ ልጆችን ሩጫ ያለማምዳል። ሱዳኖቹ «ሙደሪብ» ይሉታል፣ አሰልጣኝ ማለታቸው ነው። ጠዋት ከእህል ጎተራው ጀርባ ባለው ሜዳ ልጆቹን ያሯሩጣል፤ ከሰዓት በኋላ የእኔ ሱቅ ደጃፍ ላይ ጀሪካን አጋድሞ ይቀመጣል። ማን ተቀመጥ አለው? ማንም። ዘጠኝ ዓመት ተቀመጠ።

ተቀምጦ ዝም ቢል ምን ነበረበት። ደንበኛ መጥቶ ሶሉ እንደ ዳቦ የተነፋ የሩጫ ጫማ ሲያነሳ፣ እኔ ገና «እንኳን ደህና መጣህ» ሳልል እሱ ከጀሪካኑ ላይ ሆኖ «ትራስ ነው የምትገዛው ጫማ?» ይለዋል። ሰውየው ይደነግጣል። «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ እግርህ መሬቱን ካልሰማ እንዴት እንደሚረግጥ በምን ያውቃል? ጠጠር ላይ ወጥተህ ጠጠር መሆኑን የምታውቀው ስትወድቅ ነው።» ሰውየው ጫማውን ያስቀምጣል። እኔ አያ ፈንታን በዓይኔ እበላዋለሁ።

«አያ ፈንታ፣ ምን በድዬህ ነው?» እለዋለሁ።

«አንተ አይደለህም የበደልክ» ይለኛል፣ «ሶሉ ነው።»

ለልምምድና ለሩጫ የሚሆን ጫማ ስስ፣ ጠፍጣፋና ከፊት ሰፊ ይሁን ባይ ነው። አመራረጡ ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ ካርቶን መሬት ላይ ያነጥፍና «ቁም» ይላል። ተቀምጦ እግሩን የሚዘረጋለትን «ተቀምጠህ ነው የምትሮጠው?» ብሎ ይቆጣዋል። ዙሪያውን በከሰል ይስልና ስሙን ይጽፍበታል። ጠዋት አይለካም፤ እግር ውሎ ሲሰፋ ነው የሚለካው ብሎ አሥር ሰዓት ላይ ይቀጥራል። ከዚያ የጫማውን የውስጥ ንጣፍ አውጥቶ ሥዕሉ ላይ ያስተኛዋል። ትንሿ ጣት ከንጣፉ ጠርዝ ካለፈች፣ ኸላስ፣ አበቃ፣ ጫማው ወርቅ ቢሆን አይሆንም። ካላለፈች ጫማውን እንደ ታጠበ ነጠላ ጨምቆ ይጠመዝዘዋል፤ ተረከዙና ፊቱ እኩል መሆኑን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ በአንድ ዓይኑ ያያል፤ በመጨረሻ ሶሉን በአውራ ጣቱ ከታች ይጫንና ሌላው እጁ ከውስጥ እንዲሰማው ይጠብቃል። የግራር እሾህ እንዳያሳልፍ፣ የጣት ግፊት ግን እንዲያሳልፍ። ይህን ሁሉ አድርጎ ከአንድ ቦንዳ ሁለት ጥንድ ካገኘ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ይውላል።

እኔ በበኩሌ አንድ ቃል ነበረችኝ፤ «ይለቃል»። «ትንሽ ይጠበኛል» ላለ ሁሉ «ሲረግጡት ይለቃል» ነው መልሴ። የጫማ ነጋዴ ከሰላምታ ይልቅ ይህችን ቃል ይደጋግማል። አያ ፈንታ ይህችን ቃል ስናገር በሰማ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል፤ ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞራል። ነጋዴ ስለማይወድ ነው እል ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ካርቱም ላይ ሲጀመር ሩቅ ነን ብለን ነበር። ከተማ ከከተማ እየተባለ ወደ እኛ ቀረበ። የጫማ ነጋዴ ክፉ ቀንን ከሬዲዮ ቀድሞ ያውቃል። መጀመሪያ ተረከዝ ያለው ጫማ የሚጠይቅ ሴት ጠፋ። ቀጥሎ ለሰርግ የሚገዛ ጠፋ። ከዚያ ወንዶች በኪሳቸው ክር ይዘው መምጣት ጀመሩ። እኛ ዘንድ የልጅ ጫማ የሚገዛ ሰው ልጁን አስከትሎ አይመጣም፤ እግሩን ከተረከዝ እስከ ጣት በክር ለክቶ፣ ክሩን በጥሶ ይዞ ይመጣል። ይህ የቆየ ልማድ ነው። አንድ ሰው ስምንት ክር ባንዴ ይዞ ሲመጣ ግን አይቼ አላውቅም ነበር፤ የሚስት፣ የእናት፣ የስድስት ልጅ። «የሚያስኬድ ይሁን» ነው የሚሉት። ቀለም አይመርጡም፣ ዋጋ አይከራከሩም። ገበያተኛ መከራከር ሲተው ያስፈራል።

አያ ፈንታ ክር አይወድም። «ክር ርዝመቱን ይነግርሃል እንጂ ስፋቱን አይነግርህም» ይላል። «ሰው የሚቆስለው ከጎን ነው።» እየዞረ ሰዎቹን «ልጆቹን አምጧቸው፣ እዚህ ይቁሙ» ብሎ ይለምናል። ማን ሰምቶት። ሰው ቸኩሏል።

ከምዕራብ በኩል ተፈናቃዮች በእግር መግባት ሲጀምሩ ከተማው ውስጥ ያሉ ትምህርት ቤቶች ሞሉ። አያ ፈንታ ሳፋና ጨው ይዞ እየሄደ የሰው እግር ያጥብ ነበር። ማንም አላዘዘውም። አንድ ቀን ከዚያ ሲመለስ ጀሪካኑ ላይ ተቀመጠ። አውሮፕላን ከላይ አለፈ፤ ገበያው ሁሉ ቀና አለ፣ እሱ ግን መሬት መሬት ያይ ነበር።

«ምን አየህ?» አልኩት።

«የእኛን እግር» አለኝ። «ዛሬ ተራው የእነሱ ሆነ እንጂ እግሩ የእኛ ነው።»

የወንድሙን ነገር የነገረኝ ያን ቀን ነው። በዚያ በረሃቡና በጦርነቱ ዘመን እሱና ታናሽ ወንድሙ አዲሱ ከጎንደር ገጠር ተነስተው በእግር ወደ ሱዳን ይመጡ ነበር። አዲሱ ባዶ እግሩን ነው፤ የቆላው አሸዋ እግሩን አቃጠለው። መንገድ ላይ የወታደር ጫማዎች ተጥለው አገኙ። አያ ፈንታ የወንድሙን እግር በስንጥር ለክቶ፣ ከጫማዎቹ መሃል ርዝመቱ የገጠመውን መርጦ አጫማው። «ይጠበኛል አያ» አለው አዲሱ። «ይለቃል» አለው። በሦስተኛው ቀን ጎኑ ተላጠ። በአምስተኛው አብጦ ጫማው አልወልቅ አለ፤ በቢላ ቀደዱት። አብረዋቸው የነበሩት ሰዎች ቀድመው ሄዱ። አያ ፈንታ አንድ ቀን ሙሉ ተሸከመው። ድንበሩ ሊደርሱ የአንድ ቀን መንገድ ሲቀራቸው ወንድሙ ግራር ሥር ሞተ።

«የመረጥኩለት እኔ ነኝ፣ አብዱ» አለኝ። እኔም ያን ቀን ለማንም «ይለቃል» አላልኩም። በማግስቱ ግን አልኩ። እንጀራዬ ነው።

ሰሚራ የመጀመሪያ ልጄ ናት፤ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከሚያለማምዳቸው ሴቶች ሁሉ አያ ፈንታ ተስፋ የጣለባት እሷ ላይ ነው። ከሰላ ከተማ ላይ ለስደተኛ ሯጮች መምረጫ ውድድር ይደረጋል፣ ያለፈ ለልምምድ ወደ ሌላ አገር ይወሰዳል የሚል ወሬ መጣ። እኛም እዚሁ ተወልደን ወረቀታችን የስደተኛ ነው። ለእኔ ሜዳሊያ አልታየኝም። የታየኝ ልጄ ከዚህ የምትወጣበት በር ነው። ውድድሩ ሊደርስ ስምንት ሳምንት ቀርቶታል፤ ጦርነቱ ስንት እንደቀረው የሚያውቅ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን አያ ፈንታ ከቦንዳ ውስጥ አንድ ግራጫ ጥንድ አገኘላት። ስስ፣ ሰፊ፣ ዓይነ ግቡ ያልሆነ፣ ጎኑ የተሰፋ። ካርቶኑ ላይ አቆማት፣ ለካት፣ ጠመዘዘው፣ ተደሰተ። «እስከ ውድድሩ ግን ለቤትና ለገበያ ነው» አላት። «ውድድሩን በለመድሽው ወፍራም ሩጪ። ስስ ጫማ እግርሽን ያነቃዋል፤ የነቃ እግር ወዲያው ሥራ አይጣልበትም፤ እስኪለምድ አሥር ሳምንት ይፈልጋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ አምስት ደቂቃ ሩጪበት፣ በማግስቱ እረፊ። ባትሽ ቢዝል ምንም አይደል። የእግርሽ ጀርባ ላይ በአንድ ጣት የምታሳዪው ሕመም ከመጣ ግን ያን ቀን አቁሚ።» ወደ እኔም ዞሮ «አብዱ፣ አደራ» አለኝ። እሱ ኡም ጋርጉር ያሉትን ወንዶች ሊያዘጋጅ ሄደ። ዝናቡ ጣለ፣ መንገዱ ተቆረጠ፣ ከወር በላይ እዚያው ቀረ።

ሰሚራ በግራጫው ጫማ አንድ ጠዋት አጭር ርቀት ሮጠችና በሕይወቷ ሮጣ የማታውቀውን ሰዓት ይዛ መጣች። «አባ፣ በረርኩ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እኔ አላረፍኩም። ለምን አምስት ደቂቃ? ለምን አሥር ሳምንት? ሽሽቱ አሥር ሳምንት ይጠብቀናል? ከሩቅ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ከባድ ድምፅ መሰማት ጀምሮ ነበር፤ ሰው ነጎድጓድ ነው ይላል፣ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው።

በሳምንቱ የፈታሁት ቦንዳ ውስጥ ቀይ ጥንድ አገኘሁ። እሱም ስስ ነው፤ ግን አዲስ ነው፣ አፈር አልነካውም፣ ያምራል። ልጄ መራጮቹ ፊት በተሰፋ ግራጫ ጫማ ከምትቆም ይኼን አድርጋ ብትቆም ብዬ አሰብኩ። እግሯ የተሳለበት ካርቶን ሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ነበር፤ አላወረድኩትም። ቤት ስገባ ተቀምጣ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ እግሯን በክር ለካሁ። ክሩ ከቀዩ ጫማ ጋር ልክ ገጠመ። አጠለቀችው።

«ርዝመቱ ልክ ነው» አለች፣ «ከጎን ግን ያዝ ያደርገኛል፣ አባ።»

ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ። ስንት ዓመት ለባዕድ ስሸጠው የኖርኩትን ቃል ለገዛ ልጄ ሰጠኋት። ግራጫውን ከክምሩ ላይ ጣልኩት፤ የዚያኑ ቀን አንዱ ክር ይዞ የመጣ ሰው ወሰደው።

በየቀኑ ሙሉውን ርቀት ሮጠች። እኔ ነኝ ሂጂ ያልኳት። በሦስተኛው ሳምንት የእግሯን ጀርባ በአንድ ጣት ነክታ «እዚህ ጋ» አለችኝ። በአንድ ጣት። ሰምቻለሁ፣ አስታውሻለሁም። ቅባት ቀባሁላትና «ድካም ነው፣ ነገ ይተውሻል» አልኳት። ውድድሩ አሥር ቀን ሲቀረው ሜዳው ላይ ተቀመጠች፤ መነሳት አቃታት፤ ጓደኞቿ በአህያ ጋሪ አመጧት። ሐኪሙ አጥንቷ ተሰንጥቋል፣ ለሁለት ወር እንዳትረግጥ አለ። የዚያኑ ዕለት ጎረቤቶቻችን ዕቃቸውን ጭነው ወደ ድንበሩ፣ ወደ ገላባት ሄዱ። እኔ የማትራመድ ልጅ ይዤ ቀረሁ። ቀዩን ጫማ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት።

አያ ፈንታ ሰምቶ መጣ። መኪና የሚያልፍበት ድረስ በእግሩ ተጉዞ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ። ሰሚራ ከተኛችበት አልጋ አጠገብ ቁጢጥ አለ፤ እግሯን አልነካም፣ አየው ብቻ።

«ምን ያህል ሮጠች?» አለኝ።

«እንዳልከው» አልኩት።

«በየትኛው?»

«አንተ በመረጥክላት።»

ሰሚራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አያ ፈንታ እጆቹን አገላብጦ አየ። የተቆጣ አልመሰለኝም፤ እሱ ቢቆጣኝ ኖሮ ምናልባት እናገር ነበር። ከዚያ ተነስቶ «እግዜር ይማርሽ፣ ልጄ» ብሏት ወጣ። ነገ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ወላሂ ብዬ ነበር። ልጄን በገዛ እጄ ሰበርኳት የሚለው ቃል ግን ከአፌ አልወጣም፤ የወንድሙን ነገር እያወቅሁ ነው ይህን ያደረግሁት፤ ሳላውቅ ነው ማለት አልችልም።

በአምስተኛው ቀን ሱቄ መጣ። ያነጠፋቸውን ካርቶኖች ሁሉ፣ የዘጠኝ ዓመት እግር፣ ከግድግዳው እያወረደ ከመረ። «ማገዶ አድርገው» አለኝ። «ከእንግዲህ ለሰው ጫማ አልመርጥም። እጄ ክፉ ነው።» ያኔ ልነግረው ይገባኝ ነበር። ደንበኛ ቆሞ ነበር። ደንበኛ ቆሞ ስለነበር ሳልነግረው ቀረሁ፤ ምክንያቴ ይኸው ነው። ልጆቹን ማለማመዱንም ተወ። ሰው የማይሄድበትን የቆላ እርሻ ጥበቃ ሥራ ጠይቆ ሄደ። መስመር ሲገኝ ይደውልልኝ ነበር፤ አንዴም ስለ ራሱ አላወራኝም። «እግሯስ?» ይላል። «እየዳነች ነው» እለዋለሁ። እውነትም ዳነች፤ ትራመዳለች፤ ስትቸኩል ታነክሳለች። ውድድሩ ያለ እሷ አለፈ። ከሩቅ የሚሰማው ድምፅ አንድ ሰሞን ይርቃል፣ ሌላ ሰሞን ይቀርባል። በቀረበ ቁጥር የልጄን እግር አያለሁ።

ለቅሶው የተቀመጠው አያ ፈንታ ክፍል ተከራይቶ ይኖርበት በነበረው በእትዬ ጥሩነሽ ግቢ ነው። እስላም ክርስቲያኑ አንድ ላይ ተቀመጠ፤ ሼኩም ቄሱም ነበሩ። ያሰለጠናቸው ልጆች ከካምፕ መጡ። ሰው ስለ እሱ ሲያወራ ቆየና ሀብቶም «እሱን የገደለው ንዳድ አይደለም» አለ። «የሰሚራ እግር ነው። በጫማ ምርጫ አንድ ቀን ተሳሳተ፤ ያንን ለራሱ ይቅር አላለም።» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አንዲት ሴት «ምስኪን፣ ሰው መሳሳቱ አይቀር» አለች።

«አልተሳሳተም» አልኩ። ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። ተነስቼ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ቀዩን ጫማ፣ ክሩን፣ ያልኳትን ቃል፣ በአንድ ጣት ያሳየችኝን ሕመም፣ ጉድጓዱን፣ የዋሸሁትን። አሁን ይተፉብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ፈልጌውም ነበር።

እትዬ ጥሩነሽ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «አብዱ፣ አንተ ደግ ሰው» አለችኝ። «የሞተ ወዳጁን ጥፋት እንዲህ በራሱ ላይ የሚወስድ ማን አለ?»

«እትዬ፣ እውነቴን ነው። ወላሂ እውነቴን ነው።»

«እናውቃለን፣ እናውቃለን» አለ ሀብቶም፣ ትከሻዬን ይዞ እያስቀመጠኝ። «ሐዘን ነው። ውሃ ስጡት።»

ሴቶቹ መሃል ሰሚራን ፈለግኳት። ቀዩን ማን እንደመረጠላት ከእኔ ሌላ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። «ንገሪያቸው» አልኳት። ሁሉም ዞሮ አያት። ልጄ አየችኝ፣ ሰዎቹን አየች፤ እኔን ማዋረድ አልሆነላትም መሰለኝ፣ አንገቷን ደፋች። እውነትን መደበቁንም ከእኔ ነው የተማረችው።

ሼኩ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ። ቄሱም ቀጠሉና «እንዲህ ያለ ወዳጅ ለሁላችን ይስጠን» ብለው መረቁኝ። ሰው ሁሉ «አሜን» አለ። እኔም አሜን አልኩ።